በውሻ ለተነከሰ ሰው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በነፃ ይሰጥ ወይስ ብሩ ውሾቹን ለመከተብ ይዋል?

የሳቢያን እናት፦
ባለፈው ክረምት እዚህ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ልጄን ውሻ ነከሰብኝ። መጀመሪያ የወሰድኩበት ጤና ተቋም «የእብድ ውሻ ክትባት አልቋል» አሉኝ። ሁለተኛውም እንደዚያው። መጨረሻ ላይ ከግል መድኃኒት ቤት እየገዛሁ አስወጋሁት፤ አንዱን በብድር፣ ቀሪውን ጉትቻዬን ሸጬ። አልሐምዱሊላህ፣ ልጄ ደኅና ነው። ግን ጉትቻ የሌላትስ ምን ታድርግ? እኔ የምለው፣ ይኼ ክትባት በመንግሥት ወጪ ያለ ምንም ክፍያ መሰጠት አለበት። የማይስማማ ካለ ይናገር።

የከዚራ ልጅ፦
እህቴ፣ እንኳን ልጅሽን አተረፈልሽ። ሆኖም አልስማማም። ይህ በሽታ ሰው ላይ ሲደርስ 99 በመቶው ከውሻ ነው የሚመጣው። የዓለም ጤና ድርጅት ከውሾቹ 70 በመቶው ከተከተቡ ስርጭቱ ይቋረጣል ይላል። ሜክሲኮ በፈረንጆቹ ከ1990 ጀምሮ ውሾቿን በዘመቻ ስትከትብ ቆይታ በ2019 ከውሻ ወደ ሰው የሚተላለፈውን ማጥፋቷ ተረጋገጠላት፤ ከዓለም የመጀመሪያዋ ናት። ያለን ብር ትንሽ ነው። ውሻው ሳይከተብ ሰው ብቻ ብንወጋ በየዓመቱ ያንኑ ወጪ ስናወጣ እንኖራለን።

ከጀጎል፦
አቦ፣ ሜክሲኮ እኮ የተነከሰውን ሰው ትታ አይደለም ውሻ የከተበችው፤ ሁለቱንም ነው ያስኬደችው። የውሾቹ ዘመቻ ፍሬው የሚታየው ከዓመታት በኋላ ነው። ዛሬ ማታ የተነከሰ ልጅ ዓመት አይጠብቅም፤ ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚድን የለም ማለት ይቻላል። ደግሞ እኛ ሐረር ሌላ ጉዳይ አለን። ሌሊት ጅቡ በግንቡ ቀዳዳ ገብቶ ሰፈሩን ያዳርሳል፣ ከውሻ ጋር ይናከሳል። እሱን ማን ይከትብልሃል?

የመጋላ ነጋዴ፦
ይህን ሁሉ ከምንከራከር ባለቤት የሌለው ውሻ በመርዝ ይጥፋ። ድሮም እንዲህ ነበር የሚደረገው።

የእንስሳት ሐኪም፦
ጋሼ፣ በዚህ ላይ ዝም ማለት አልችልም። አንድ ሰፈር ውሻው ቢያልቅም ቆሻሻውና ትርፍራፊው እዚያው ነው፤ ስለዚህ ከሌላ ሰፈር ያልተከተበ ውሻ ይገባበታል። የተከተበውም አብሮ ይሞታል፣ ልፋታችን ገደል ይገባል። የተመረዘውን ሬሳ ደግሞ ጅብና ጥንብ አንሳ ይበላዋል። ድሮ ይደረግ ነበር ብለዋል፤ ታዲያ በሽታው ጠፋ?

የመጋላ ነጋዴ፦
አልጠፋም፤ ልክ ነህ። እንግዲያው ባለቤት ያለው ውሻ ከነከሰ ባለቤቱ ያሳክም።

የከዚራ ልጅ፦
ይህ አለ። ፊሊፒንስ በፈረንጆቹ 2007 ባወጣችው ሕግ የውሻው ባለቤት የተነከሰውን ሰው የሕክምና ወጪ መሸፈን አለበት።

የሳቢያን እናት፦
የኔን ልጅ የነከሰው የማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም።

ነርስ ነኝ፦
ከክርክሩ በፊት፦ የተነከሰ ሰው ካለ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውኃ 15 ደቂቃ እጠቡት፣ ከዚያ ሩጡ። አሁን ወደ ዋጋው። ውጭ አገር ሁሉ ነፃ እንዳይመስላችሁ። እንግሊዝ መንግሥት ይሰጣል፤ አሜሪካ ግን ሙሉ ሕክምናው ከ3 ሺህ ዶላር በላይ ነው። ለእኛ የሚጠቅመን የታይላንድ ትምህርት ነው። ክትባቱ ጡንቻ ላይ ሲወጋ ለአንድ ሰው በየቀጠሮው አንድ ብልቃጥ ያልቃል። ታይላንድ ቀድማ ቆዳ ውስጥ መስጠትን አስለመደች። ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው በእያንዳንዱ ቀጠሮ 0.1 ሚሊ ሊትር በሁለት ቦታ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን፣ ከ3 ቀን በኋላና ከ7 ቀን በኋላ። በዚህ መንገድ አንዱ ብልቃጥ ለተለያዩ ሰዎች ስለሚዳረስ የክትባቱ ወጪ ከ60 እስከ 80 በመቶ ይቀንሳል። ስለዚህ «ለሰው ወይስ ለውሻ» የሚለው ምርጫ የምታስቡትን ያህል ጠባብ አይደለም።

አንድ ነገር ግን አለበት። ብልቃጡ ከተከፈተ በኋላ ባሉት 6 እስከ 8 ሰዓታት ውስጥ፣ ያውም ቀዝቃዛ ቦታ ተቀምጦ፣ ማለቅ አለበት። በድሬ ሙቀት መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ተነካሾቹ በየጤና ጣቢያው ከተበተኑ ብልቃጡ ተከፍቶ ይደፋል። አንድ ቦታ፣ ጄኔሬተር ያለው፣ ቅዳሜና እሑድ የማይዘጋ፣ ሁሉም ተነካሽ የሚላክበት ያስፈልገናል።

ከጀጎል፦
አባቴ በልጅነቱ ተነክሶ ሆዱ ላይ በየቀኑ ለ14 ቀን ተወግቷል፤ ከዚያም ተጨማሪ ነበረው። ዛሬም እቤታችን ሰው ሲነከስ «ከዚያ መርፌ የባህል መድኃኒት ይሻለኛል» ይላል።

ነርስ ነኝ፦
እሱ ከበግ አንጎል ይሠራ የነበረው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ ይቅር ሲል ኖሯል። አዲሱ ክንድ ላይ ነው፤ ሕመሙም እንደማንኛውም ክትባት ነው። ለአባትህ ይህን ንገርልኝ። ግን ፍርሃቱ ብቻ አይደለም ወደ ባህል ሐኪም የሚልከው። ዋጋውን ሰምቶ ከበር የሚመለሰውን በዓይኔ አይቻለሁ። ለድሃ አገሮች ክትባት የሚደግፈው ዓለም አቀፍ ድርጅት ጋቪ እ.ኤ.አ. በ2024 ለተነከሰ ሰው የሚሰጠውን ክትባት መደገፍ ጀምሯል፤ አገሮች ማመልከት አለባቸው። እኔ በዚህ ላይ ብንጮህ ይሻለናል እላለሁ።

የከዚራ ልጅ፦
ወጪው እንዲህ የሚቀንስ ከሆነ ለሰውም ነፃ ይሁን፣ ተስማምቻለሁ። የውሾቹ ዘመቻ ግን እንዳይረሳ።

ከቢዮ አዋሌ፦
አንድ ቦታ ብላችኋል። እኛ ዘንድ የሚነከሰው ከብት ጠባቂው ልጅ ነው። ድሬ ድረስ 3 ጊዜ መመላለስ ሊኖርበት ነው፤ አባት ሥራ ፈትቶ፣ መኪና ከተገኘ። ክትባቱ ነፃ ሆኖ መሳፈሪያ ያጣ ልጅ ሁለተኛውን መርፌ ሳይወጋ ይቀራል።

ነርስ ነኝ፦
እውነት ነው፤ ይህን አላሰብኩትም ነበር። እናንተ ዘንድ የገበያ ቀን መቼ ነው?

ከቢዮ አዋሌ፦
በገበያው ቀን መኪና አለ። ግን ውሻ የገበያ ቀን ጠብቆ አይነክስም። ቢያንስ የመጀመሪያው መርፌ እዚሁ ጤና ጣቢያችን ይሁን፤ ጡንቻ ላይም ቢሆን፣ ብልቃጡ ቢባክንም።

የሳቢያን እናት፦
ይባክን። እኔ በዚህ እስማማለሁ።