የዓርብ ማታው ባንድ ይመለስ ወይስ በትዝታ ይቅር?

የፈረንጅ አራዳ ልጅ፦
ሰላም ጅማዎች። ቅዳሜ ቡና ላይ የተነሳ ክርክር እንቅልፍ ስለነሳኝ ወደ እናንተ አመጣሁት። ጥያቄው ይሄ ነው። ከተማችን ከሕዝብ አዳራሾቿ አንዱን በወር አንድ ማታ ለጀማሪ ባንዶች በነፃ ትክፈት ወይስ አትክፈት? እኔ ትክፈት ባይ ነኝ።

ምክንያቴ የዓርብ ማታው ነው። የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። ላልነበራችሁ ልንገራችሁ። ከ1997 እስከ 2002 ዓ.ም. ፈረንጅ አራዳ አካባቢ አንድ ምግብ ቤት ዓርብ ሲመሽ ጠረጴዛውን ወደ ግድግዳ ያስጠጋና መሀሉን ለእኛ ይለቅልን ነበር። ግማሾቻችን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ግማሾቻችን የሰፈር ልጆች ነን። ደንቡ አንድ ብቻ ነው። መድረክ ላይ የወጣ ሰው ቢያንስ አንድ የራሱን ዘፈን ይጫወታል። የታወቀ ዘፈን ብቻ አጥንቶ የመጣ ተራ አይሰጠውም።

እኔ ቤዝ ጊታር ነበር የምጫወተው። የቤዝ ክር ጅማ ውስጥ አይገኝም። አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፣ ብሩም የለም። ክሩ ሲደነዝዝ ፈትተን በድስት እንቀቅለው ነበር። አልቀለድኩም፣ ይቀቀላል። በላብና በእጅ እድፍ የታፈነው ብረት ፈልቶ ሲወጣና በጨርቅ ሲደርቅ ድምፁ ይነቃል። ሁለት ሳምንት ያህል ይጮሃል። ከዚያ እንደገና ከሰል፣ እንደገና ድስት። እናቴ በኋላ አንዲት ያረጀች ድስት ለየችልን። ስሟም "የክር ድስት" ሆኖ ቀረ።

2001 ላይ መብራት በፈረቃ ነበር። 184 ሜጋዋት የሚያመነጨው ግልገል ግቤ አንድ ከእኛ ሩቅ አይደለም፣ እኛ ግን ዓርብ ማታ ጨለማ ውስጥ ነን። አምፕሊፋየሩ ጭጭ ይላል። አንዲት ልጅ ክራር ነበራት። ሻማ ይለኮስና እሷ ብቻዋን ትጫወታለች። ሰው ትንፋሹን ውጦ ነው የሚያዳምጣት። ያን ጸጥታ ከዚያ ወዲህ የትም አላገኘሁትም።

ባለቤቱ ሲለወጥ ነገሩ አበቃ። አዲሱ ሰውዬ ዲጄ አስገባ። አልፈርድበትም፣ ኪራይ አለበት። ለዚህ ነው ቤቱ የነጋዴ ሳይሆን የሕዝብ ይሁን የምለው።

ቆጪ፦
እኔም ይከፈት እላለሁ። ሙላቱ አስታጥቄ እኮ የተወለደው እዚህ ጅማ ነው፣ በ1936 ዓ.ም.። ዓለም ኢትዮ ጃዝ ሲል የእኛን ልጅ ነው የሚጠራው። እሱን ያፈራች ከተማ ለአንድ ጊታር የምትሆን ክፍል ማጣቷ ያሳፍራል።

ቢት ሠሪው፦
ወንድም ጋሼ፣ በአክብሮት ነው። እኔ 22 ዓመቴ ነው። ኪቶ አንዲት ክፍል ተከራይቼ በላፕቶፕና በአንድ ማይክ ነው የምሠራው። አንድ ዘፈን ማታ ለቅቄ ጠዋት ስነሳ አዳማ ያለ ልጅ ግጥሙን ጽፎ ይልክልኛል። እናንተን ስንት ሰው ሰማችሁ? 60? 70?

ሌላም ልጠይቅ። ያ ሁሉ "የራስህን ዘፈን ተጫወት" ሲባል ስንቱ በአፋን ኦሮሞ ነበር? ጅማ ላይ ሆናችሁ ማለቴ ነው። እኔ ዛሬ በቋንቋዬ ስዘፍን ማንንም ተራ አልጠይቅም። አዳራሽ ሲመጣ ተራ ይመጣል። ተራ ሲመጣ ተራ ያዥ ይመጣል።

ቆጪ፣ ስለ ሙላቱ ደግሞ እንተማመን። ጅማ ወለደችው። ሙዚቃውን ግን የተማረው ምህንድስና ሊያጠና በሄደበት ዌልስ፣ ከዚያም ለንደንና ቦስተን ነው። የሙዚቃ ክፍል ሰጥታ ያሳደገችው ከተማ ጅማ አይደለችም።

ቆጪ፦
ልክ ነህ። ግን እሱ እኮ ነው የኔም ነጥብ። ሌላው አገር ክፍሉን ስለሰጠው ነው የሆነው። ምህንድስና ሊያጠና የሄደ ልጅ ሙዚቃ ቤት አግኝቶ ነው መንገዱን የቀየረው። እዚህ ያለው ልጅ ምን አግኝቶ ይቀይር?

ግድግዳ የምጋራው፦
እኔ አይከፈት ከሚሉት ነኝ። ስታስቡት እኛ ጎረቤቶች ትዝ አንላችሁም። ያ ምግብ ቤት እኔ ካደግኩበት ቤት በአንድ ግድግዳ ነው የሚለየው። ከበሮው ሲመታ የመስኮቱ መስታወት ይንቀጠቀጥ ነበር። እናቴ ታማ ተኝታ ዓርብ እንዳይመጣ የጸለይኩበት ጊዜ አለ። ለሱብሂ የሚነሳ አለ፣ ለኪዳን የሚነሳ አለ። አንድ ቀን አንድ ሰው ከእናንተ መሀል በራችንን አንኳኩቶ "አስቸገርናችሁ ወይ?" ብሎ አያውቅም።

የፈረንጅ አራዳ ልጅ፦
ወንድሜ፣ ግድግዳው የእናንተ መሆኑን ዛሬ ነው ያወቅኩት። እናትህ ታመው እንደነበርም አልሰማንም። መስማት ነበረብን። ከልቤ ይቅርታ።

ቢት ሠሪው፣ የጠየቅከኝን ሳልሸፍን ልመልስ። በአፋን ኦሮሞ የሚዘፍኑት ሁለት ብቻ ነበሩ። አንዱ ከሰቃ የሚመጣ ልጅ ነው። ግጥሙ ከሁላችንም ይበልጥ ነበር። የት እንደምናስገባው ታውቃለህ? መጀመሪያ ላይ። ሰው ገና እየገባ፣ ወንበር እየተጎተተ፣ ምግብ እየታዘዘ። እሱ ሲጨርስ ነበር ቤቱ የሚሞላው። ያኔ "ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይጫወታል" እንል ነበር። ግን እኔ ቀድሜ ስመጣ መጀመሪያ አልጫወትኩም።

ስለ 60 ሰው ግን አልስማማም። አንተን አዳማ ያለው ልጅ ሲሰማህ ፊቱን አታየውም። እኛ ዘፈኑ የቱ ጋ እንደሚሰለች የምናውቀው ሰው ወደ ሳህኑ ሲያጎነብስ ነበር። በማግስቱ ያችን ቦታ ቆርጠን እናወጣታለን። ዘፈን የሚሠራው እንደዚያ ነው ብዬ አምናለሁ።

ጋሼ ከመንደራ፦
ልጆቼ፣ እኔ ከሁላችሁም የባሰ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። በነፃ የተሰጠ አዳራሽ አይቻለሁ። በደርግ ጊዜ የቀበሌ ኪነት ውስጥ አኮርዲዮን ተጫውቻለሁ። አዳራሽ ነበረን። የደንብ ልብስ ነበረን። የመለማመጃ ሰዓት ነበረን። የሌለን የዘፈኑ ምርጫ ነበር። ግጥሙ ታይቶ፣ ታርሞ ይመጣልናል። ስለ ፍቅር አንድ ግጥም ጽፌ "ይሄ ለትግሉ ምን ይጠቅማል?" ተብያለሁ። ቁልፉን የያዘ ዜማውንም ይይዛል።

ያም ሆኖ ያን ቡድን እወደው ነበር። ሁለቱም እውነት ነው። አኮርዲዮኑን እዚያ ባልማር የት እማር ነበር? በኋላ ጊዜው ሲለወጥ ኪቦርድ መጣ። ከበሮውንም ቤዙንም ትንፋሹንም አንድ ሰው በጣቱ ይጫወተዋል። ባለ ቤቱ ለስምንት ሰው ከሚከፍል ለአንድ ሰው ይከፍላል። አኮርዲዮኑ አልጋ ስር ገባ። እናንተ ዲጄ አፈረሰን ስትሉ እኛ በኪቦርድ የፈረስን ነን።

የፈረንጅ አራዳ ልጅ፦
ጋሼ፣ የእርስዎ ነገር ከሁሉም ከበደኝ። እኔ አዳራሹን ስጠይቅ ያሰብኩት ኪራይን እንጂ ቁልፉን የሚይዘውን አልነበረም። ምናልባት በውል ይሁን። አዳራሹና መብራቱ የከተማው፣ ማን ምን ይጫወት የሚለው የተጫዋቾቹ። ተራው በዕጣ ይውጣ። ግጥም አስቀድሞ የሚያይ ሰው አይኑር። ይህ በጽሑፍ ካልገባ እኔም አልፈልገውም።

የጊንጆዋ፦
እስካሁን ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። ክራር የነበራት ልጅ እኔ ነኝ።

ያ ጸጥታ ደስ ይል ነበር፣ አልክድም። ሻማው አጠገቤ ስለሆነ የምታየኝ እጄን ብቻ ነው። ክራር ደግሞ ያለ ማይክ ስትመታው ለመሰማት ሰዉ ዝም ማለት አለበት። ሰዉ ያን ሁሉ ዝም ያለልኝ በሕይወቴ ሌላ ጊዜ የለም።

ግን ወንድሜ፣ አምስት ዓመት አብረን ተጫውተን አንድም ቀን "እንዴት ነው ቤት የምትገቢው?" ብለህ አልጠየቅከኝም። ማታ 4 ሰዓት ላይ ያልቃል። ባጃጅ የለም። ከዚያ እስከ ጊንጆ በእግር፣ ክራሩን በነጠላ ጠቅልዬ። አንድ ማታ ሁለት ልጆች ከአዌቱ ድልድይ ጀምሮ እስከ በራችን ተከትለውኛል። ምንም አላደረጉኝም። በሚቀጥለው ዓርብ ግን አልመጣሁም። ከዚያ በኋላም አልመጣሁም። የቀረሁት ዲጄ መጥቶ አይደለም። እኔ ስቀር ዲጄው ገና አልመጣም ነበር።

የፈረንጅ አራዳ ልጅ፦
እህቴ፣ አግብተሽ የቀረሽ ነበር የመሰለን። እንደዚያ ነበር የተወራው። አልጠየቅንሽም። ምን እንደምልሽ አላውቅም።

ማታውን እተወዋለሁ። ቅዳሜ ከ9 ሰዓት እስከ 12 ይሁን። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሁሉም ቤቱ ይግባ።

ቢት ሠሪው፦
በቀን ከሆነና በዕጣ ከሆነ እኔም ስሜን አስገባለሁ። ላፕቶፕ ይዤ ነው ግን የምመጣው። "ይሄ ባንድ አይደለም" የሚለኝ ካለ አሁኑኑ ይንገረኝ።

ጋሼ ከመንደራ፦
ና ልጄ። ኪቦርዱን የተቀየምኩትን ያህል ተቀይሜያለሁ፣ ሁለተኛ አልቀየምም።

ግድግዳ የምጋራው፦
12 ሰዓት ላይ እውነት የሚያበቃ ከሆነ አልቃወምም። ድምፁን የሚያጠፋው ሰው ግን ከሰፈሩ ይሁን። እኔ ልሁን።

የጊንጆዋ፦
ክራሩ አሁንም አለ፣ ግድግዳ ላይ ነው። ሁለት ክር ይጎድለዋል። 9 ሰዓት ከሆነ ልጄን ይዤ እመጣለሁ።