ክርክር፦ የቆዩ ተውኔቶች በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አዳራሽ ይነበቡ?

ሦስተኛ ረድፍ፦
እንደ ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) እና አብርሆት ያሉ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አዳራሻቸውን ከፍተው በየወሩ አንድ የቆየ ተውኔት በመድረክ ንባብ ያቅርቡ ወይስ ይህን ሥራ ለቴአትር ቤቶች ይተዉት? የመድረክ ንባብ የምለው ተዋናዮች ጽሑፉን ይዘው፣ ያለ ዲኮርና ያለ አልባሳት፣ ሙሉ ተውኔት ሕዝብ ፊት ሲያነቡ ነው። መነባንብ ወይም ግጥም በጃዝ እዚህ ውስጥ አይገባም። እኔ ይጀመር ባይ ነኝ። ቴአትር ቤት አንድ የቆየ ሥራ ለማንሳት የወራት ልምምድ፣ ልብስ፣ አናጢ፣ መብራት ያስፈልገዋል፤ ስለዚህ የሚያዋጣውን ይመርጣል። የዮፍታሔ ንጉሤ፣ የመንግሥቱ ለማ ስም በየመድረኩ ይጠራል፤ ቃላቸውን የሰማ ወጣት ግን ስንት ነው?

የጀርባ መብራት፦
እኔ እቃወማለሁ። «የመድረክ ንባብ» እየተባለ የሚቀርበው አብዛኛው ነገር ሕዝብ የተጋበዘበት የመጀመሪያ ልምምድ ነው። ተዋናዩ ጽሑፉን ያየው ጠዋት ነው። አንገቱን ደፍቶ ያነባል። የሚያስቀው ቃል ላይ ሲደርስ ገጹ ያልቅበታል፤ እስኪገልጥ ድረስ ሳቁ ያመልጣል። «ጠልፎ በኪሴ»ን የመሰለ የጠለፋ ኮሜዲ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሲነበብ ምን ይተርፈዋል? ወጣቱ አንዴ ሰልችቶት ከወጣ «የድሮ ቴአትር ይደብራል» ብሎ ነው የሚሄደው፤ ከዚያ ወዲያ ትኬት በነፃ ብንሰጠውም አይመለስም።

ገቢር ሁለት፦
ወንድሜ፣ የዘረዘርካቸው ሁሉ የዝግጅት ጉድለቶች ናቸው፤ ዝግጅት ደግሞ ሊደረግ ይችላል። ለአንድ ንባብ አራት ቀን፣ በቀን ሦስት ሰዓት ይበቃል። በመጀመሪያው ቀን ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ፣ ሳይተውኑ፣ ሰዓት ተይዞ ይነበባል። ከ90 ደቂቃ በላይ ከሄደ የት እንደሚያጥር ያኔ ይታያል፤ የቤተ መጻሕፍት ወንበር ላይ ሰው ከ90 ደቂቃ በላይ አይቀመጥም፣ ካስቀመጣችሁትም መሐል ላይ 10 ደቂቃ ዕረፍት ስጡት። ሁለተኛው ቀን የማሳጠሪያና የምልክት ነው። በሦስተኛው ጽሑፉ ማስቀመጫው ላይ ሆኖ ቆመው ያነባሉ። አራተኛው ራሱ አዳራሹ ውስጥ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነው። ይህን አራተኛ ቀን የሚዘል ሰው ነው ያንተን ቅሬታ የሚያመጣው።

ገጹ ሳቅ ላይ ማለቁን በተመለከተ፦ የታተመውን መጽሐፍ ፎቶ ኮፒ አድርጎ ማደል ስህተት ነው። ጽሑፉ እንደገና ይተየባል፣ በ16 መጠን ፊደል፣ በወረቀቱ አንድ ገጽ ብቻ። ማንም ሲናገር መሐል ላይ ገጽ አይቆረጥም። ገጽ የሚያልቀው ሌላው ገጸ ባሕርይ ሊናገር ሲል ነው። በስቴፕለር የተመታ ወረቀት አይገለጥም፣ የቀለበት ማህደር ይሻላል። ወረቀቱን ፕላስቲክ ውስጥ የሚከቱም አሉ፤ ፕላስቲኩ ይንኮሻኮሻል፣ መብራትም ይመልሳል። የሙዚቀኞች የኖታ ማቆሚያ ደረት ላይ ይሁን፣ አገጭ ጋ ከደረሰ ፊት ይሸፍናል።

በቅንፍ ያሉትን የደራሲ መግለጫዎች አንድ ተራኪ በጎን ተቀምጦ ያነባል። ሁሉንም ግን አያነብም። «በንዴት»፣ «ፈገግ እያለ» የሚሉት ይሰረዛሉ፤ እነሱ የተዋናዩ ሥራ ናቸው። ደብዳቤ ሲመጣ፣ ሰው ተደብቆ ሲሰማ፣ ሰይፍ ሲመዘዝ፣ ሰው ሲሞት ይነበባል። የሚገባ ይነሳል፣ የሚወጣ ማህደሩን ዘግቶ ይቀመጣል፤ ሌላ የቦታ ለውጥ አያስፈልግም። እጅ ባዶ ሆኖ ሰይፍ እንደያዙ መወናጨፍ ግን አደራ አይሞከር፣ ሰው ይስቃል።

ቀይ እስክሪብቶ፦
ገቢር ሁለት የሁለተኛውን ቀን ሥራ በአንድ መስመር አለፉት፤ እኔ ግን ዋናው እሱ ይመስለኛል። ፊደላችን ጥብቀትን (ድምፅ ሲጠብቅና ሲላላ ያለውን ልዩነት) አይጽፍም። በቃሉ የያዘ ተዋናይ ይህን በልምምድ ይጨርሰዋል፤ እያየ የሚያነብ ሰው ግን ዓይኑ ከአፉ ጥቂት ቃላት ብቻ ነው የሚቀድመው። «ይበላል» የሚለውን ሲያይ ሰውየው በይው ይሁን ተበይው መወሰን ያለበት ሙሉውን ሐሳብ ሳያይ ነው። አላልቶ ጀምሮ አጥብቆ ሲያርም አዳራሹ ሙሉ ይሰማዋል። ስለዚህ በሚጠብቀው ፊደል ላይ ነጥብ በእርሳስ ይደረጋል፣ አሻሚ ቦታ ላይ ብቻ፤ ሁሉም ላይ ከተደረገ ገጹ በርበሬ የተነሰነሰበት ይመስልና ማንም አያየውም።

ሁለተኛው ግጥም ነው። የጸጋዬ ገብረ መድኅን ስንኝ ረጅም ነው፤ የለመድነው የግጥም ምት፣ ወል ቤት፣ ስድስት ስድስት ቀለም (ክፍለ ቃል) ላይ ሲያርፍ እሳቸው ስምንት ስምንት ያስኬዱታል። በወል ቤት ትንፋሽ የገባ አንባቢ ስድስተኛው ላይ ይሰብረዋል፣ ሐሳቡም አብሮ ይሰበራል። ትንፋሽ የሚወሰድበት ቦታ በሰያፍ መስመር ምልክት ይደረግበት። ቤት መምቻው ላይ ድምፅ ከፍ የማድረግ ልማድም ይከልከል፤ ሽለላ ያስመስለዋል። የግዕዝ ጥቅስ ያለበት ሥራ ከሆነ ደግሞ ንባብ ከሚያውቅ ሰው ጋር አስቀድሞ ይታይ።

አንቀጽ በአንቀጽ፦
ስለ ፊደል መጠን ከመነጋገራችን በፊት ፈቃድ። «መግቢያው ነፃ ነው፣ ማንም አያተርፍበትም» የሚል መከራከሪያ መምጣቱ ስለማይቀር አስቀድሜ ልመልስ። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራን ለሕዝብ መከወን የባለመብቱ ነው። ያለ ክፍያ ስለሆነ ብቻ የሚፈቀደው በቤተሰብ ስብሰባ ወይም በትምህርት ቤት የሚደረግ የግል ክዋኔ ነው። በሩ ለሁሉም የተከፈተ የቤተ መጻሕፍት አዳራሽ ሁለቱንም አይደለም።

ጥበቃው ደራሲው ካረፈ በኋላ 50 ዓመት ይቆያል። መንግሥቱ ለማ ያረፉት በ1980 ዓ.ም. ነው፤ እስከ 2030 ፈቃድ ያስፈልጋል። ጸጋዬ በ1998 አረፉ፣ እስከ 2048። ሼክስፒር የማንም ነው ብላችሁ የጸጋዬን «ኦቴሎ» ወይም የከበደ ሚካኤልን «ሮሜዎና ዡልየት» ከያዛችሁ ደግሞ ትርጉሙ የራሱ መብት አለው። ከላይ የተነሱት ዮፍታሔ ግን ያረፉት በ1930ዎቹ ማብቂያ ስለሆነ 50 ዓመቱ ካለፈ ቆይቷል። ለመጀመሪያ ንባብ ከእሳቸው ጀምሩ፣ ቢያንስ አንድ ራስ ምታት ይቀንሳል።

ማሳጠርም እንዲሁ ዝም ብሎ አይደለም። ሥራን ማላመድ የባለመብቱ ስለሆነ የተቆረጠው ጽሑፍ ለወራሾች ታይቶ በጽሑፍ ይፈቀድ። በቃል «አይዟችሁ አንብቡ» ያለ አንድ ወራሽ ሌሎቹን ወራሾች አያስርም።

ገቢር ሁለት፦
እናመሰግናለን፣ ግን ለ90 ደቂቃ ነፃ ንባብ ይህን ሁሉ ወረቀት የሚያንቀሳቅስ ቤተ መጻሕፍት አገኛለሁ ብዬ አላስብም።

አንቀጽ በአንቀጽ፦
አንድ ገጽ ደብዳቤ ነው። የተውኔቱ ስም፣ ቀኑና ቦታው፣ የቅጂ ብዛት፣ የተቆረጠው ጽሑፍ አባሪ ሆኖ፣ ቀረጻ ይኖር አይኖር። ዘጠኝ አንባቢ፣ ተራኪ፣ አዘጋጅና የድምፅ ባለሙያ ካሉ 12 ቅጂ ነው፤ ለቤተ መጻሕፍት የተፈቀደው የማባዛት ልዩ ሁኔታ ይህን አይሸፍንም።

ዝምታ ይጠበቅ፦
ከቤተ መጻሕፍት ወገን ልናገር። «በየወሩ» የሚለውን አልደግፍም። አዳራሹ በነፃ የሚሰጥ ይመስላል እንጂ ጥበቃ፣ ጽዳት፣ መብራት፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያ አለው። ፈተና ሲቃረብ ተማሪ መቀመጫ አጥቶ ደረጃ ላይ ያጠናል፤ በዚያ ሰሞን ከንባብ ክፍል አጠገብ ጭብጨባ ማምጣት አይገባም። በሦስት ወር አንድ፣ ማለትም በዓመት አራት፣ ከተማሪ ፈተና ውጪ ቢሆን በደንብ ይሠራል። ምሽትም አይሁን፤ ሰው ታክሲ እያሰበ የመጨረሻውን ገቢር ይተወዋል። ቅዳሜ 8 ሰዓት ተጀምሮ 10 ሳይሞላ ቢያልቅ ጥሩ ነው።

ግን ማንም ያላነሳውን ላንሳ። ለምን ቤተ መጻሕፍት? ብዙ የአማርኛ ተውኔት ታትሞ አያውቅም። በታይፕ የተመታ ጽሑፍ አንድ ወይም ሁለት ቅጂ ሆኖ ቴአትር ቤት መዝገብ ውስጥ ወይም የተዋናይ ቤት ሳጥን ውስጥ ነው ያለው። በሕግ ወደ ወመዘክር የሚገባው የታተመው ነው፤ ያልታተመውን ማንም አያስገድድም። ለንባብ ተብሎ ጽሑፉ ሲፈለግ፣ ሲተየብና ሲታረም አንድ ንጹሕ ቅጂ ይፈጠራል። በባለመብቱ ፈቃድ ያ ቅጂ ካታሎግ ቁጥር ይዞ መደርደሪያ ላይ ይግባ። ይህ ካልተደረገ ዝግጅቱ እዚህ ቢሆን ሆቴል አዳራሽ ቢሆን ልዩነት የለውም። ሲተየብ ማነጻጸሪያው አይጥፋ፦ አሮጌው ቅጂ ላይ በእጅ የተጨመረና የተሰረዘ ካለ ለብቻው ይመዝገብ። የአዘጋጅ ወይም የሳንሱር ሊሆን ይችላል፣ የደራሲው ነው ተብሎ አይደባለቅ።

ቀይ እስክሪብቶ፦
ይህ ላይ ሙሉ በሙሉ ተስማምቻለሁ። የተነበበው አጭር ጽሑፍና ሙሉው ግን ተለይተው ይግቡ፤ ከ20 ዓመት በኋላ ተመራማሪ አጭሩን ይዞ «ደራሲው ይህን ትዕይንት አልጻፈም» እንዳይል።

ሚክሰር፦
ስለ ድምፅ ባጭሩ። ሴራሚክ ወለልና ሰፊ መስታወት ያለው አዳራሽ ያስተጋባል። አማርኛ ግሡን የሚያስቀምጠው መጨረሻ ላይ ነው፤ መጨረሻው ከተዋጠ «ገደለው» ይሁን «አልገደለውም» ኋላ ያለው ሰው አይለየውም። አንዴ አጨብጭባችሁ ድምፁ ከተመለሰ መስታወቱ ላይ ወፍራም መጋረጃ ወይም ብርድ ልብስ ስቀሉ።

ለዘጠኝ ሰው ዘጠኝ ማይክ አትክፈቱ፤ ሁሉም የወረቀት ድምፅ ይለቅማል። አራት ዳይናሚክ ማይክ (የሩቅ ድምፅ ብዙ የማይለቅም) ለሁለት ሁለት ሰው፣ አንዱ ለሦስት፣ ይበቃል፤ ለተራኪው ሌላ አንድ። ከአፍ አንድ ስንዝር ይራቅ፣ ከወረቀቱም በላይ ይሁን። ጥቃቅን ድምፅ ሁሉ የሚይዘው ኮንደንሰር ማይክ ለስቱዲዮ ነው፤ እዚህ ከገባ ገጽ ሲገለጥ ዝናብ የሚዘንብ ይመስላል። ስፒከሩ ከማይኮቹ ፊት ይቁም፣ ከኋላ ከሆነ ይፏጫል። የሚናገረው ብቻ ክፍት ሆኖ ሌላው ዝቅ ይበል፣ ስለዚህ ሚክሰሩ ላይ ያለው ሰውም ጽሑፉን መከተል አለበት።

መብራት ቢጠፋስ? ወንበሩን ከመጀመሪያው በግማሽ ክብ፣ ከስድስት ረድፍ ሳያልፍ፣ ለ80 ሰው ደርድሩ። የሠለጠነ ተዋናይ ያለ ማይክ ይደርሳል። ለጽሑፉ ደግሞ በባትሪ የሚሠራ ቅንጥብ መብራት በየማቆሚያው ላይ አስሩ።

የጀርባ መብራት፦
እሺ፣ በዚህ መልክ ከሆነ ተቃውሞዬ ይቀንሳል። ግን ያላያችሁት አለ። አራት ቀን በሦስት ሰዓት 12 ሰዓት ነው፣ ዝግጅቱ ሲጨመር 15 ይጠጋል። በዘጠኝ ተዋናይ አባዙት። ማን ይከፍላል? በአሜሪካ የተዋንያን ማኅበሩ ለመድረክ ንባብ የልምምድና የንባብ ጣሪያ 29 ሰዓት አድርጎ፣ ክፍያውንም ወስኖ አስቀምጧል። እዚህ «ለባህል ነው» ይባልና ተዋናዩ በውኃና በምስክር ወረቀት ይሸኛል። ጥበቃው የትርፍ ሰዓት ከተከፈለው አንባቢውም ይከፈለው።

ሦስተኛ ረድፍ፦
መግቢያ ትንሽ ቢከፈልስ?

ዝምታ ይጠበቅ፦
አይሆንም። የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በር ላይ ትኬት ከተቆረጠ ለንባብ የመጣውን ተማሪ ጭምር ማስቆም ይጀመራል። ገንዘቡ ከዓመታዊ በጀት፣ በራሱ መደብ ይምጣ፤ በዓመት አራት ያልኩትም ለዚህ ነው። አራቱን በአግባቡ መክፈል ይቻላል፣ 12ቱን አይቻልም።

ገቢር ሁለት፦
በገጸ ባሕርይ ብዛትም ይቆጠባል። ሦስት ትንንሽ ሚና ለአንድ ሰው ይሰጣል፤ ተራኪው በየመግቢያው ስሙን ይጠራል። ሁለቱ ሚናዎች እርስ በርስ የሚነጋገሩበት ትዕይንት እንዳይኖር ብቻ ቀድማችሁ ሠንጠረዥ ሥሩ፦ በአግድም ትዕይንት፣ በቁም ገጸ ባሕርይ። ዘጠኝ የነበረው ስድስት ይሆናል።

የጀርባ መብራት፦
ስድስት የተከፈላቸው ከዘጠኝ ካልተከፈላቸው ይሻላሉ። ቀረጻው ግን? ዩቲዩብ ላይ ከተጫነ በኋላ ያንን ሥራ ሙሉ አድርጎ ሊያዘጋጅ ያሰበ ቴአትር ቤት «ሕዝቡ አይቶታል» ብሎ ይተወዋል።

አንቀጽ በአንቀጽ፦
ቀረጻና ማሰራጨት ከክዋኔው ተለይቶ የሚሰጥ ፈቃድ ነው፤ የተዋንያኑም ጭምር፣ እነሱም ተዛማጅ መብት (ባቀረቡት ክዋኔ ላይ የራሳቸው መብት) አላቸው። ደብዳቤው ላይ ካልተጻፈ ካሜራ አይገባም።

ዝምታ ይጠበቅ፦
ድምፁ ብቻ ይቀረጽና ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ በጆሮ ማዳመጫ ይሰማ፣ ኢንተርኔት ላይ አይውጣ። ማየት ለተሳናቸው ተጠቃሚዎችም ያገለግላል።

የጀርባ መብራት፦
ይህን እፈርማለሁ። በየወሩ ካላችሁ ግን አሁንም የለሁበትም።