ፎርሙላ 1 ሲታይ ዓይናችንን ምኑ ላይ እናድርግ?

ታቦር፦
ሰላም የሀዋሳ ልጆች። እሁድ 10 ሰዓት ላይ ዲኤስቲቪ ቤት ትልቁ ስክሪን ለኳስ ነው፤ ፎርሙላ 1 ቢከፈትም ጥግ ባለው ትንሽ ቲቪ፣ ያለ ድምፅ ነው። እንደዚያ ሲታይ መኪኖቹ ተከታትለው ከመዞር በቀር ምንም የለም። የምታውቁ ካላችሁ፣ ምኑን እንይ? መቀዳደምስ ለምን ጠፋ?

አረብ ሰፈር፦
ወንድሜ፣ ከመኪናው ይልቅ በግራ በኩል ያለውን የስም ዝርዝር ተከታተል። ከስሙ ጎን ያለው ቁጥር ከፊቱ ካለው የሚለየው ሰከንድ ነው። 3.0 የነበረው በየዙሩ 2.6፣ 2.2 እያለ ከወረደ፣ ካሜራው ሌላ ቦታ ቢሆንም ትግሉ ተጀምሯል። ድምፅ አያስፈልግህም።

ቀጥሎ ጎማ። ቀይ ለስላሳ፣ ቢጫ መካከለኛ፣ ነጭ ጠንካራ ነው። ካልዘነበ ቢያንስ ሁለት ዓይነት መጠቀም ግዴታ ስለሆነ ሁሉም ለቅየራ ይገባል። ቅየራው ራሱ ከ2 እስከ 3 ሰከንድ ነው (የማክላረን ቡድን በ2023 እ.ኤ.አ. ኳታር ላይ በ1.80 ጨርሷል!)፤ ጎማ ወደሚቀየርበት ቦታ በሚያስገባው የጎን መንገድ (ፒት ሌን) ውስጥ ግን ፍጥነት የተገደበ ስለሆነ በድምሩ 20 ሰከንድ አካባቢ ይሄዳል። ከኋላ ያለው ልዩነቱን ወደ 1.5 ካወረደ ቀድሞ ይገባል፣ በአዲስ ጎማ አንድ ዙር ይበራል፣ ፊተኛው በቀጣዩ ዙር ገብቶ ሲወጣ ተቀድሞ ያገኘዋል። አንደርከት የሚሉት ይህን ነው። የሚከሽፈው ሲወጣ ዘገምተኛ መኪና ኋላ ከተቀረቀረ ነው፤ ስለዚህ ገና ሳይገባ ከኋላው 20 ሰከንድ ላይ ማን እንዳለ እይ። ጨዋታው ያለው እዚያ ስሌት ውስጥ ነው።

መካኒክ፦
መቀዳደም የጠፋው በአየር ምክንያት ነው። መኪናውን አስፋልት ላይ የሚያጣብቀው በክንፎቹና በወለሉ ስር የሚያልፈው አየር ነው። ፊተኛው አየሩን ስለሚበጠብጠው ተከታዩ መታጠፊያ ላይ ይንሸራተታል፣ ጎማው ይግላል፤ ጥቂት ዙር ተጠግቶ ይቆይና ጎማውን ለማቀዝቀዝ ወደ ኋላ ይላል። ይህ የስፖርቱ እውነተኛ ድክመት ነው፣ ማስተባበል አይገባም። የ2022ቱ የመኪና አሠራር ደንብ አስታገሰው እንጂ አልፈታውም። ሞናኮ ላይ ደግሞ መንገዱም ጠባብ ነው። በ2024 በመጀመሪያው ዙር ግጭት ውድድሩ በቀይ ባንዲራ ሲቆም መሪዎቹ እዚያው ጎማ ቀየሩ፤ ከዚያ ከ1ኛ እስከ 10ኛ በተነሱበት ቅደም ተከተል ጨረሱ። 78 ዙር! ለሞናኮ ቅዳሜ ያለውን፣ የመነሻ ቅደም ተከተሉ የሚወሰንበትን ማጣሪያ እዩ።

የሐይቅ ዳር፦
ለጀማሪ ሞቶጂፒ (የሞተር ሳይክል ውድድር) ይሻላል ባይ ነኝ። ሞተር ሳይክል ጠባብ ስለሆነ ፍሬን ሲያዝ በውስጥ በኩል መግቢያ ይገኛል። በአካል ማየት የሚፈልግ ደግሞ ኬንያ፣ ናይቫሻ የሚካሄደው የመኪና ውድድር ሳፋሪ ራሊ ቅርባችን ነው፤ በ2021 ወደ ዓለም ራሊ ሻምፒዮና ተመልሷል። ግን መኪኖቹ የሚለቀቁት በየተራ ነው፤ አንዱን የምታዩት ለሰከንዶች ነው፣ መሪውን ለማወቅ ሰዓቱን በስልክ መከታተል ግድ ነው። መታጠፊያ ላይ በውጭ በኩል አትቁሙ፤ መኪና ሲስት የሚወጣው ወደዚያ ነው።