ፍራጃይል ኤክስ ያለበት ልጄ ዓይኔን አያይም

ጠያቂ፦
ልጄ 6 ዓመቱ ነው። ባለፈው ወር የደም ምርመራ ተደርጎለት ፍራጃይል ኤክስ የሚባል፣ በዘር የሚተላለፍና የአእምሮ እድገትን የሚጎዳ ችግር አለበት ተባልን። ሳናግረው ፊቱን ያዞራል። እንግዳ ሲመጣ ደግሞ የእጁን ጀርባ ይነክሳል፤ ቆዳው ጠንክሯል። "እየኝ!" ብዬ አገጩን ስይዘው ይብስበታል። ምን ላድርግ? ደግሞስ ከእኔ ነው የመጣው?

መልስ 1፦
እህቴ፣ አገጩን ልቀቂው። የኔው አሁን 14 ዓመቱ ነው። እኔም እንደዚያ አደርግ ነበር፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ንቀት አይደለም፤ ዓይን ለዓይን መተያየት ያስጨንቃቸዋል። ከጎኑ ተቀመጪ። እኔ ልብስ ሳጥፍ ካልሲ እሰጠዋለሁ። ካልሲውን እያየ ውሎውን ይነግረኛል፤ ፊት ለፊት ብጠይቀው ግን ትንፍሽ አይልም! ጥያቄ አታብዢበት። "ዛሬ የተጫወትከው ከ..." ብለሽ ተይው፤ ራሱ ይጨርሰዋል። እንግዳ ከመምጣቱ በፊትም የእንግዳውን ፎቶ ለልጅሽ አሳዪው።

መልስ 2፦
ከአንቺ መጣ ማለት ጥፋቱ ያንቺ ነው ማለት አይደለም። ኤፍ ኤም አር 1 በሚባለው ጂን ላይ የሚደጋገም ቁራጭ አለ። ድግግሞሹ ከ55 እስከ 200 ከሆነ ሰውየው ተሸካሚ ይባላል። ከ200 ሲያልፍ ጂኑ ይዘጋል፤ አንጎል የሚፈልገው ፕሮቲንም አይመረትም። ቁጥሩ ከእናት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ሊያድግ ይችላል። ጂኑ ያለው ኤክስ በሚባለው ክሮሞዞም (ጂኖችን በሚሸከም የሴል ክፍል) ላይ ነው፤ ወንድ ልጅ ኤክሱን የሚወስደው ከእናቱ ነውና አንቺም ተመርመሪ። እህቶች ካሉሽ ንገሪያቸው፤ ተሸካሚ ሴት የወር አበባዋ ያለጊዜው ሊቆም ይችላል።

ጠያቂ፦
ዛሬ አብረን ካልሲ አጠፍን። አላየኝም። ግን "እማዬ፣ የዚህ ጓደኛው የታለ?" አለኝ።