ከቀሚስ ውጭ ጥልፍ የሚሠራ አለ? አቡጀዴው እየተኮማተረ አስቸገረኝ

ጠላፊዋ ከፒያሳ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ፒያሳ አንድ ልብስ ስፌት ቤት የሐበሻ ቀሚስ አንገትና መስቀል እጠልፋለሁ። ንድፉን ደንበኛዋ በስልኳ ይዛ ትመጣለች፤ የእኔ ድርሻ ክር መምረጥና መጥለፍ ነው። ሥራዬን እወደዋለሁ። ጥልፍ ለብቻው ሥዕል ሲሆን ያየሁት ግን በቅርቡ ነው።

የሠዓሊውን የኤልያስ ስሜን የቆዩ ሥራዎች በፎቶ አየሁ። ዛሬ ስሙ የሚነሳው ከምናለሽ ተራ በሚሰበስበው የኤሌክትሪክ ሽቦና የኮምፒውተር ዕቃ ነው፤ ቀድሞ ግን ሸራ ላይ ክር በመርፌ ይሰፋ ነበር። ክር ከክር ጎን እየተደረደረ ሸራውን ይሸፍነዋል። ይህ እኮ እኔ የአበባ ሆድ የምሞላበት አሠራር ነው! ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

አሁን ማታ ማታ አቡጀዴ ላይ የድሮ የፒያሳ ቤት የእንጨት ሰገነት እየጠለፍኩ ነው። የእንጨቱን ስንጥቅ በአንድ ዘለላ ክር፣ ጥላውን በሦስት። ጥላው ጋ ስደርስ ጨርቁ ይኮማተራል። ደግሞ የተንጠለጠለውን የክር ጫፍ ልቁረጠው ወይስ ልተወው? ቀሚስ ላይ ቢሆን አልጠይቅም ነበር።

ሸራ ወጣሪ፦
እህቴ፣ አቡጀዴውን መጀመሪያ እጠቢው፤ ሳይታጠብ ከተጠለፈ፣ በኋላ ሲታጠብ ይሸበሸባል። ከዚያ እንደ ሥዕል ሸራ አራት ማዕዘን እንጨት ላይ ወጥረሽ ጥለፊ፤ ክሩንም አታጥብቂው። ጫፉን በተመለከተ፣ ግብፅ የተወለደችው ሠዓሊ ጋዳ አሜር ሸራዋ ላይ ክሩን ሳትቆርጥ ትተወዋለች፤ የተንጠለጠለው ክር ከሩቅ የፈሰሰ ቀለም ይመስላል። ዝናብ የመታው እንጨት ከሆነ ያንቺም ቢንጠለጠል ያምራል።

እትዬ፣ አራት ኪሎ፦
ልጄ፣ ስምሽን ጥግ ላይ ጥለፊበት። ጣሊያናዊው ሠዓሊ አሊጊዬሮ ቦዬቲ ከ1971 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያሠራቸውን የዓለም ካርታዎች በእጃቸው የጠለፉት የአፍጋኒስታን ሴቶች ናቸው። አንዳንዱ ካርታ ላይ ባሕሩ ሮዝ ነው፤ እኔ ከሁሉ የምወደው እሱን ነው። የሚጠራው ግን የቦዬቲ ስም ነው። የአፄ ቴዎድሮስ ባለቤት የእቴጌ ጥሩወርቅም በሐር የተጠለፈ ቀሚስ፣ በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ የተወሰደው፣ ሎንዶን ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ተቀምጧል። እጅ ሥራ ነው ብለው ሲያናንቁብሽ ይህን ንገሪያቸው።

ጠላፊዋ ከፒያሳ፦
እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ ስሜን እጠልፋለሁ። ወንድሜ፣ የጥላውን ክር ሳልቆርጥ እተወዋለሁ፣ የስንጥቁን ግን እቆርጣለሁ፤ ስንጥቅ ጥርት ማለት አለበት። መስታወት ባስገባለት ክሩን አይጫነውም?

ሸራ ወጣሪ፦
ይጫነዋል። ፍሬም ሠሪው በመስታወቱና በጨርቁ መሀል ቀጭን እንጨት ያስገባልሽ። ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ላይም አትስቀይው፣ ክሩ ይደበዝዛል።