ክርክር፦ ጎበዝ ልጅን ማን ይለይ? ፈተናው፣ አስተማሪዋ ወይስ የየትምህርት ቤቱ ኮታ?

አወያይ
ሰላም ጤና ይስጥልን። ባለፈው ሳምንት ስለ ቲጄ ትምህርት ቤት መግቢያ የተነሳው ንትርክ በየአስተያየቱ ሥር ተበታትኖ ቀረ። አንድ አባት ልጃቸው እንዳልገባ ነግረውን «ፈተናውን ባያነሱት ኖሮ ይገባ ነበር» አሉ። አንዲት እናት ደግሞ «ፈተናው ቢኖር የኔ ልጅ ደጁንም አትረግጥም ነበር» ብላ መለሰች። ዛሬ በወጉ እንከራከርበት።

ለአዲስ ገቢዎች ባጭሩ ላስረዳ። ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው። ቲጄ የምንለው ቨርጂኒያ፣ ፌርፋክስ ካውንቲ ያለው የቶማስ ጀፈርሰን የሳይንስና ቴክኖሎጂ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። የተከፈተው በ1985 ነው። የመንግሥት ነው፤ ግን የሚገባው ተመርጦ ነው። እስከ 2020 ድረስ የመግቢያ ፈተናና የ100 ዶላር የማመልከቻ ክፍያ ነበረው። በዚያ ዓመት የካውንቲው የትምህርት ቦርድ ሁለቱንም አነሳ። አሁን ከየሚድል ስኩሉ (ከሁለተኛ ደረጃ በፊት ካለው ትምህርት ቤት) የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ቁጥር 1.5 በመቶ የሚሆን ቦታ ይያዛል። የቀረው ቦታ ለሁሉም ክፍት ውድድር ነው። ቢያንስ 3.5 ጂፒኤ ያስፈልጋል፣ ልጁ የሚጽፈው ነገር አለ። የቤተሰብ ገቢና እንግሊዝኛ ገና በመማር ላይ መሆንም ይታያል።

ወላጆች ከሰሱ። በ2022 አንድ የፌዴራል ዳኛ አሠራሩ የእስያ ተወላጆችን ያገላል ብለው ፈረዱ። በ2023 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ያንን ሻረ። በ2024 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን አላይም አለ። ያ ክስ እዚያ ላይ ቆሟል። እኛ ግን ገና አልቆምንም።

ስድብ ከገባ ክርክሩን እዘጋለሁ።

የበርክ አባት
ባለፈው ሳምንት የጻፍኩት፣ በርክ ሰፈር የምኖረው አባት እኔ ነኝ። አልሸሽግም፣ የፈተና ሰው ነኝ። ሀገር ቤት የገበሬ ልጅ ከባለሥልጣን ልጅ ጋር እኩል የሚቀመጠው የት ነበር? ፈተና ላይ። ስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ፣ ከዚያ ማትሪክ። ወረቀቱ ላይ የአባቴን ስም ጽፌያለሁ፤ ያረመው ማሽን ግን አባቴ ማን እንደሆነ አያውቅም፣ ግድም የለው።

አሁን ያለው አሠራር ልጄን ከጎረቤቱ ጋር ነው የሚያፎካክረው። ሚድል ስኩሉ ጎበዝ የበዛበት ነው። 1.5 በመቶው ውስጥ ለመግባት ከካውንቲው ምርጥ ልጆች ጋር ይጋፋል። አሥራ አምስት ደቂቃ ነድቼ ሌላ ሰፈር ብኖር ኖሮ ያው ልጅ፣ በዚያው ውጤት ይገባ ነበር። ይሄ ፍትሕ ከሆነ አስረዱኝ።

የሌሊት ፈረቃ
ወንድሜ ላስረዳህ። «ሌላ ሰፈር ብኖር» ያልከው ሰፈር ውስጥ ነው የምኖረው። ና፣ ቤት ተከራይና ሞክረው። 😀

ቀልዱን ልተወው። ፈተናው በነበረበት ዘመን ሰው ከመካከለኛው ክፍል ጀምሮ ልጁን ለዚያ ፈተና ብቻ ያስጠና ነበር። ለማስጠኛው ብዙ ሺህ ዶላር የሚከፍል አለ። ማሽኑ የአባትን ስም አያውቅም፣ እውነት ነው። የአባትን ኪስ ግን አሳምሮ ያነበዋል።

ቁጥሩን እይ። ፈተናው ከመነሳቱ በፊት በመጨረሻው ዙር ከተመረጡት 486 ልጆች ውስጥ ጥቁሮቹ ከአሥር ስለሚያንሱ ካውንቲው ቁጥራቸውን እንኳ አላወጣም። ከደሃ ቤተሰብ የመጡት ከመቶ አንድ አይሞሉም። በአዲሱ አሠራር የመጀመሪያ ዙር 550 ልጆች ተመረጡ። ጥቁሮቹ ወደ 7 በመቶ፣ ከደሃ ቤተሰብ የመጡት ደግሞ ወደ 25 በመቶ ደረሱ። በአንድ ዓመት ውስጥ የደሃ ልጅ በድንገት ጎበዝ ሆነ? ድሮም ነበረ እኮ። የሚያየው ነው የጠፋው።

የበርክ አባት
እህቴ፣ ያልጠቀስሽው ቁጥርም አለ። የእስያ ልጆች ከ73 በመቶ ወደ 54 ወረዱ። ከነሱ ውስጥ ታክሲ የሚነዳ፣ ማደያ የሚሠራ ሰው ልጅ የለም? እንደኛው ስደተኛ ናቸው። ዛሬ «በዛችሁ» የተባሉት እነሱ ናቸው። ነገ የሐበሻ ልጅ ሲበዛስ?

የሌሊት ፈረቃ
የኔም ጎረቤቶች ከባንግላዴሽ ናቸው፣ ልጃቸው ገባ። ከደሃ ሰፈር ሚድል ስኩል ነው የገባው። ለእሱም የጠቀመው ይኸው አሠራር ነው።

ጡረተኛው መምህር
ልጆቼ፣ ፈተናን እንደ ታቦት አትሸከሙት። እኔ ዕድሜዬን በሙሉ ሳስተምርና ስፈትን የኖርኩ ሰው ነኝ።

በንጉሡ ዘመን በዩኒቨርሲቲው ሥር ልዑል በዕደ ማርያም የሚባል ትምህርት ቤት ነበር። ከየጠቅላይ ግዛቱ ጎበዝ የተባሉትን አምጥቶ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እዚያ ያስጨርሳቸው ነበር። ከጎንደርም ከሐረርም ይመጡ ነበር። የበርክ አባት፣ ልብ በል። ሐሳቡ «አዲስ አበባ ያለው ብቻ አይበቃም፣ ከየቦታው እንፈልግ» የሚል ነው። ዛሬ ከየሚድል ስኩሉ ይምጣ ሲባል ለምን እንግዳ እንደሚሆንብህ አልገባኝም።

ሁለተኛ ነገር። በ2014 ዓ.ም. (በእኛው አቆጣጠር) የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። አንድም ተማሪ ያላሳለፈ ትምህርት ቤት ብዙ ነው። እነዚያ ትምህርት ቤቶች ውስጥ አንድም ብሩህ ልጅ አልነበረም ልንል ነው? ያ ፈተና ልጆቹን ብቻ አልመዘነም። መጽሐፍ ያልደረሰበትን፣ ቤተ ሙከራ የሌለበትን ቤትም መዝኗል።

የበርክ አባት
ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ በዕደ ማርያም የገቡትስ በምን ተመረጡ? በውጤት አይደለም እንዴ? ዕጣ ወጥቶላቸው አልገቡም።

ጡረተኛው መምህር
በውጤት ነው። የየትምህርት ቤታቸው ውጤት።

ቲጄ የጨረሰች
እኔ በድሮው ፈተና የገባሁ ነኝ። እናቴ እዚህ ግሩፕ ውስጥ ስላለች ስሜን አልጽፍም። ሁለታችሁም ዘግይታችኋል ልላችሁ ነው የመጣሁት።

ስለ ቲጄ የምትጨቃጨቁት ልጁ አሥራ ሦስት ዓመት ከሞላው በኋላ ነው። እውነተኛው ወንፊት ሁለተኛ ክፍል ላይ ነው ያለው። ካውንቲው ለጎበዝ ልጆች ያዘጋጀው፣ ኤኤፒ የሚለው ፕሮግራም አለ። አራት ደረጃ አለው። አራተኛው ደረጃ የገባ ልጅ ከሦስተኛ ክፍል ጀምሮ ሙሉ ቀን ለብቻው የተዘጋጀ ትምህርት ይማራል። ሒሳቡ ይፈጥናል፣ ሚድል ስኩል ላይ አልጀብራን ቀድሞ ይጨርሳል። ከዚያ ስምንተኛ ክፍል ላይ ቲጄ ሲያመለክት ከማን ጋር ነው የሚወዳደረው? በሰባት ዓመቱ ማንም ልብ ካላለው ልጅ ጋር።

የአበሻ ወላጅ ደግሞ ስለ ኤኤፒ የሚሰማው ስንተኛ ክፍል ላይ ነው? አምስተኛ። ከዚያ «ልጄን ለምን አላስገቡትም» ይላል። የችሎታ ፈተናውን ሁለተኛ ክፍል ላይ ሁሉም ይወስዳል። ግን ውጤቱ ብቻውን አይወስንም። የአስተማሪ ግምገማ አለ፣ የሥራ ናሙና አለ። በፈተናው ለግምገማ ከተመረጡት ዝርዝር ውስጥ ያልገባን ልጅ ወላጅ ራሱ መጠቆም ይችላል፣ ቀነ ገደብ ግን አለው። አልተቀበሉትም እንበል፤ ይግባኝ አለ። ይግባኙ ላይ በግል ባለሙያ የተሠራ የአይኪው (የአእምሮ ችሎታ መለኪያ) ውጤት ማያያዝ ይቻላል። ያ በመቶዎች ዶላር ነው። አሁን ይሄን ሁሉ የሚያውቅ ማን ነው? ለሥራ ስትሉ ሁለት ሺፍት የምትገቡት?

የሦስት ልጆች እናት
የኔ እናት ምነው ቀድመሽ በነገርሽን!

ስለ አስተማሪ ግምገማ አንድ ነገር ልበል። እዚህ ሳንመጣ ሌላ ስቴት ነበርን። እዚያ ልጅ ለፕሮግራሙ የሚፈተነው አስተማሪዋ ከጠቆመችው ብቻ ነው። የኔዋ ትልቋ ዝምተኛ ናት። እኛ ነን ያስተማርናት፤ ትልቅ ሰው ፊት አትመልሺ፣ እጅሽን አታውለብልቢ፣ አይን አይን አትዪ። አስተማሪዋ «በጣም ጨዋ ልጅ ናት» ትለኝ ነበር። በየስብሰባው ጨዋ ናት፣ ጨዋ ናት። ደስ ብሎኝ እወጣለሁ። ለካ የሚጠቆመው ጥያቄ የሚያበዛው፣ አስተማሪዋን የሚያርመው፣ የሚሰላቸውና የሚረብሸው ልጅ ነው። ታናሿ አፏ አያርፍም። እሷን በመጀመሪያው ዓመት ጠቆሟት። ትልቋ ቤት ውስጥ የታናሿን የቤት ሥራ የምታስረዳት ልጅ ናት።

ቁጥር ወዳድ
የሦስት ልጆች እናት የነገረችን ነገር በጥናት የታየ ነው። ፍሎሪዳ፣ ብሮዋርድ ካውንቲ እስከ 2005 ድረስ ልጅ የሚፈተነው አስተማሪ ወይም ወላጅ ሲጠቁም ነበር። በ2005 ጥቆማውን ትተው ሁለተኛ ክፍል ያለውን ልጅ ሁሉ ፈተኑ። ፈተናው በሥዕልና በቅርጽ ነው፣ እንግሊዝኛ አይጠይቅም። የተሻለ ያመጣው ልጅ ወደ ሙሉ የአይኪው ፈተና ይላካል።

ዴቪድ ካርድና ላውራ ጁሊያኖ የሚባሉ የኢኮኖሚ ተመራማሪዎች ውጤቱን አጠኑት። ካርድ በ2021 ኖቤል ያገኘው ሰውዬ ነው። ያገኙት ምንድነው? ለፕሮግራሙ የበቁ የጥቁር፣ የሂስፓኒክና የደሃ ልጆች ቁጥር በጣም ጨመረ። መስፈርቱን ለነሱ ብለው ዝቅ ስላደረጉ አይደለም። ሲፈተኑ መስፈርቱን የሚያሟሉ፣ ግን ማንም ያልጠቆማቸው ልጆች ነበሩ። 

ከዚያ የበጀት ችግር መጣ። ሁሉንም መፈተን ውድ ነው ተባለና ቀረ። ትርፉም አብሮ ቀረ።

የበርክ አባት፣ ይሄ ላንተ ጥሩ ዜና ነው። ልጆቹን ያገኛቸው ፈተና ነው እንጂ ኮታ አይደለም።

የበርክ አባት
ተመስገን! አንድ ሰው አገኘሁ።

ቁጥር ወዳድ
አትቸኩል። የብሮዋርድ ፈተና ማንም ያልተመዘገበበት፣ ማንም ያልከፈለበት፣ በትምህርት ቀን በክፍል ውስጥ የተሰጠ ነው። የድሮው የቲጄ ፈተና ግን 100 ዶላር ከፍለህ፣ ተመዝግበህ፣ ተዘጋጅተህ ነው። ሁለቱም ፈተና ስለተባሉ አንድ አይደሉም።

ፈተናም ይስታል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሉዊስ ተርማን በ1921 ካሊፎርኒያ ውስጥ ከመጠን በላይ ጎበዝ የሆኑ ልጆችን ለይቶ ዕድሜ ልካቸውን ሊከታተል ተነሳ። አይኪው ነበር መለኪያው። ተፈትነው «አትበቁም» ተብለው ከቀሩት መካከል ዊልያም ሾክሊና ሉዊስ አልቫሬዝ ነበሩ። ሁለቱም በፊዚክስ ኖቤል ወሰዱ፤ አንዱ በ1956፣ ሌላው በ1968።

ከሲልቨር ስፕሪንግ
እኔ የምለው፣ ለምን ይለያሉ ከነጭራሹ? የሰባት ዓመት ልጅ ምኑ ይለያል? ኒውዮርክ ውስጥ እኮ የአራት ዓመት ሕፃን ይፈትኑ ነበር። ጫማውን ማሰር የማይችል ልጅ! በ2021 ነው ያ ፈተና የቀረው። ሁሉንም አንድ ላይ በደንብ አስተምሩ፣ አለቀ።

የሦስት ልጆች እናት
ወንድሜ፣ ልጅ የለህም መሰለኝ። 😅 ያወቀችውን ነገር ዓመቱን ሙሉ መስማት ምን እንደሚያደርግ ትልቋን ጠይቃት። መጽሐፍ ከጠረጴዛ ሥር ደብቃ ታነብ ነበር።

ቲጄ የጨረሰች
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ልየታው ቢቀር ሀብታሙ ወደ ግል ትምህርት ቤት ይሄዳል፣ የኛ ልጅ ይቀራል። እኔ ቲጄ ባልገባ ኖሮ ያየሁትን ቤተ ሙከራ የትም አላየውም ነበር። እናቴ ልትከፍልልኝ? በምን አቅሟ!

ግን አንድ ነገር ላክል፣ የበርክ አባት ይስማኝ። እዚያ እያለሁ እንደኔ ዓይነት መልክ ያለው ልጅ ሳይ ካፍቴሪያ ድረስ ሄጄ ሰላም እል ነበር። ያን ያህል ጥቂት ነበርን። ጎበዝ ከመሆን በላይ ከባዱ እሱ ነው። አንዳንዱ በብቸኝነት ብቻ ትቶ ወጣ።

የሌሊት ፈረቃ
😢 ይሄን ማንም አያወራም።

ጡረተኛው መምህር
ልጄ፣ ተባረኪ። እናትሽም ትስማ፣ ስምሽን ባትጽፊም አውቃሻለች።

አወያይ
😂 እናትየዋ በግል ጽፋልኛለች። አውቃታለች።

ወደ ቁም ነገሩ። በቀነ ገደቡ ላይ ብዙ ሰው በውስጥ እየጠየቀኝ ነው። ልጃችሁ ሁለተኛ ክፍል ከሆነ ነገ ወደ ትምህርት ቤቱ ደውሉና የኤኤፒ ኃላፊዋን አገናኙኝ በሉ። አስተርጓሚ በነፃ ጠይቁ፣ መብታችሁ ነው። የሥራ ናሙና ስትሰበስቡ የቤት ሥራ ብቻ አትሰብስቡ። ልጁ በራሱ የሠራው፣ የፈታታው፣ የጻፈው ነገር ይሻላል። በአማርኛ የጻፈውም ቢሆን ትርጉሙን አያይዛችሁ አሳዩ።

የበርክ አባት
እሺ፣ ሁላችሁንም ሰማሁ። ሁሉም ልጅ በትምህርት ቀን፣ በነፃ፣ ሳይመዘገብ ይፈተን ካላችሁ እፈርማለሁ። ከሁለተኛ ክፍል ጀምሮ ይሁን፤ ስምንተኛ ክፍል ላይም ይደገም። የአስተማሪ ግምገማው ይቀንስ። ዝምተኛዋ ልጅ አትቅር። እስካሁን ተስማማን?

የሌሊት ፈረቃ
ተስማማን። ውጤቱ ሲመጣ ግን ልጁ ከማን ጋር ይነጻጸር? እኔ በየትምህርት ቤቱ ነው የምለው። የኔ ልጅ ኮምፒውተር በተበላሸበት ክፍል ተምራ 90 ብታመጣ፣ ያንተ ልጅ በአስጠኚ 94 ቢያመጣ ማን ይበልጣል?

የበርክ አባት
94 ከ90 ይበልጣል።

የሌሊት ፈረቃ
አየህ፣ የምንለያየው እዚህ ላይ ነው።

የበርክ አባት
እዚህ ላይ ነው። እኔም አልንቀሳቀስም።

አወያይ
ነገ ማታ ከዚሁ እንቀጥላለን። ከየትምህርት ቤቱ ጋር ማነጻጸር የሚለውን ቁጥር ወዳድ ይክፈትልን።