የላይና የታች መንደር ማኅበር የጋራ የፀሐይ ኃይል ዕቅድ 3ኛ ረቂቅ፦ ወፍጮ፣ ፓምፕ፣ የባትሪ ቤት

ጸሐፊ፦ 3ኛው ረቂቅ ይኸው። ባለ 550 ዋት 30 የፀሐይ ፓናል፣ 15 በ15 ተቀጥሎ ሁለት ረድፍ፣ ለወፍጮና ለፓምፕ። የወፍጮው ሞተር 7.5 ኪሎዋት፣ የፓምፑ 2.2። ሁለቱም ያለ ባትሪ፣ በየራሳቸው ኢንቨርተር (የፓናሉን ኤሌክትሪክ ሞተሩ ወደሚቀበለው ዓይነት የሚቀይር መሣሪያ)፤ ወፍጮው ሲቆም ፓናሉ በማዞሪያ ወደ ፓምፑ ይዞራል። ለመብራት፣ ለማቀዝቀዣና ለስልክ ቻርጅ ሌላ 6 ፓናልና 51.2 ቮልት 200 አምፒር-ሰዓት ሊቲየም ባትሪ። የባትሪ ቤት 3 በ3 ሜትር፣ ቁልፉ በወፍጮ ኮሚቴ እጅ። አስተያየት እስከ ዓርብ ብቻ።

የታች መንደር ተወካይ፦ «በወፍጮ ኮሚቴ እጅ» የሚለውን ማን ጨመረው? 2ኛው ረቂቅ ላይ «በማኅበሩ እጅ» ነበር የሚለው። ኮሚቴው አምስቱም የላይ መንደር ሰው ነው። በናፍጣው ወፍጮ ጊዜ ቁልፉ የት ያድር እንደነበር አታስለፍልፉኝ።

የወፍጮ ኮሚቴ፦ ያኔ ቁልፍ ያስያዘን ጉባኤው ነው፣ ቃለ ጉባኤ አለ። ማሽኑን የሚያንቀሳቅስ ሰው ቁልፍ ካልያዘ ማን ይያዝ?

የውኃ ኮሚቴ፦ ቁልፉን ተዉትና አንቀጽ 6ን እዩ። በቀን 30 ሜትር ኩብ በ40 ሜትር ከፍታ ተብሏል። 40 ሜትሩ ጉድጓዱ ሳይነካ ውኃው የሚቆምበት ነው ወይስ ፓምፑ እየሳበ ወርዶ የሚረጋበት? ልዩነቱ ብዙ ሊሆን ይችላል። የታንከሩ ከፍታና ቧንቧው ውስጥ የሚጠፋው ግፊትም ተደምሮ ነው መጻፍ ያለበት። ባለፈው ስብሰባ «እኔ እለካለሁ» ያለው ልጅ የት ደረሰ?

ጸሐፊ፦ ስልኩ አይነሳም።

የታች መንደር ተወካይ፦ ሁለት ቁልፍ ይሁን። አንዱ ላይ፣ አንዱ ታች።

የወፍጮ ኮሚቴ፦ ሁለት ቁልፍ ማለት ተጠያቂ የለም ማለት ነው። ባትሪው ቢጠፋ ማንን እንይዛለን?

ኦዲተር፦ ሁለት ጓጉንቸር በአንድ በር ላይ አድርጉ። ሁለቱም ወገን ካልተገኘ አይከፈትም።

ኤሌክትሪክ ክፍል፦ ይህ በፍጹም አይሆንም። ኬብል ቢነድ ሁለት ሰው ከሁለት መንደር እስኪመጣ ልንጠብቅ ነው? ቁልፉ ማንም ጋ ይሁን፣ ማጥፊያው ውጭ ግድግዳው ላይ፣ ማንም በሚደርስበት ቦታ ይሁን። እሱም የዲሲ (በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈስ፣ የፓናልና የባትሪ ኤሌክትሪክ) መሆን አለበት። ዕቃ ዝርዝሩ ላይ ተራ የኤሲ (አቅጣጫው የሚቀያየር ኤሌክትሪክ) ብሬከር አይቻለሁ፣ አውጡት። ኤሲ በሴኮንድ 100 ጊዜ ዜሮ ስለሚነካ ብልጭታው ራሱ ይጠፋል፤ ዲሲ ዜሮ የለውም፣ በ600 ቮልት ብሬከሩ ተከፍቶም መንደዱን ይቀጥላል። ማዞሪያውም ያው ነው። መጀመሪያ ኢንቨርተሩ ይቁም፣ ከዚያ ይዙር። ይህ በቀይ ተጽፎ በሩ ላይ ይለጠፍ።

የታች መንደር ተወካይ፦ በሩ ላይ የሚለጠፈውን ትተህ በሩን ማን እንደሚከፍት ንገረን።

ኤሌክትሪክ ክፍል፦ «አንተ» መባባል ጀመርን እንግዲህ።

የታች መንደር ተወካይ፦ ይቅርታ፣ እርስዎ። ግን መልሱን አላገኘሁም።

አባል፦ ለምን ወፍጮውንም ከባትሪው አናገናኘውም? ማታም ይፈጫል።

ኤሌክትሪክ ክፍል፦ ባትሪው ሙሉ ሆኖ 10 ኪሎዋት-ሰዓት ነው። የወፍጮው ሞተር ብክነቱን ጨምሮ 8.5 ኪሎዋት ገደማ ይጎትታል። አንድ ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ፣ ከዚያ ማቀዝቀዣውም መብራቱም አብሮ ይጨልማል።

ኦዲተር፦ እሺ፣ ቤቱ ሁለት በር ይኑረው። መሀሉ ላይ ግድግዳ፣ ባትሪው በአንድ ወገን፣ የቻርጅና የማቀዝቀዣ ክፍሉ በሌላው። ለየበሩ የራሱ ቁልፍ።

የታች መንደር ተወካይ፦ ይሻላል። ግን ቤቱ ከላይ መንደር አጥር ሥር መሆኑ ይቅርና መሀል ይሠራ።

ኤሌክትሪክ ክፍል፦ መሀል ማለት ከፓናሎቹ 400 ሜትር ነው። 3 ኪሎዋት በ230 ቮልት 13 አምፒር ነው። በ10 ካሬ ሚሊ ሜትር መዳብ ደርሶ መልስ 1.4 ኦም፣ 18 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል፣ 8 በመቶ። በሦስት ፌዝ (በሦስት የኤሌክትሪክ መስመር) 400 ቮልት ቢሆን በዚያው ኬብል ውፍረት 1.3 በመቶ ብቻ ነበር የሚጠፋው፤ ግን የባትሪው ኢንቨርተር አንድ ፌዝ ነው። ስለዚህ መሀል ካላችሁ 6ቱ ፓናሎችም ባትሪውም አብረው ይሂዱ፤ ያኔ የራሳቸው አጥር፣ የራሳቸው ምድር ሽቦ፣ የራሳቸው ጠባቂ።

የላይ መንደር ተወካይ፦ መሀል ከሆነ 3 በ3 ምን ያደርጋል? 5 በ6 ይሁንና የስብሰባ ክፍልም ይውጣው። ማኅበሩ ዛፍ ሥር መሰብሰቡ እስከ መቼ ነው?

የታች መንደር ተወካይ፦ በዚህ እስማማለሁ።

ጸሐፊ፦ ሁለታችሁ ስትስማሙ ገና ማየቴ ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ ተስማሙ፣ ግን ከየት ይወጣል? የበጀቱ ጣሪያ ያው፣ አልጨመረም። ብሎኬትና ቆርቆሮ ሲጨመር ከዚያኛው ወገን መቀነስ ነው። ፓናሉን ከ30 ወደ 24 አውርጄ ሞክሬዋለሁ፣ ይገጥማል።

ኤሌክትሪክ ክፍል፦ እርስዎ ጋ ይገጥማል፣ ወፍጮው ጋ አይገጥምም። ፓናል እንደ ብሎኬት ከላይ አይነሳም። አንዱ ፓናል ሥራ ላይ 42 ቮልት ነው፣ 15ቱ ሲቀጠል 630። ኢንቨርተሩ 400 ቮልት ኤሲ ለማውጣት 566 ዲሲ ይፈልጋል። ቀትር ላይ ፓናሉ 60 ዲግሪ ሲሞቅ ከ10 በመቶ በላይ ይወርዳል፤ 15ቱም ሊደርሱ ጥቂት ነው የሚቀራቸው። 16 እንዳናደርግ ደግሞ ጭነት በሌለበት አንዱ 50 ስለሆነ 800 ይሞላል፣ በብርድ ጠዋት ያልፈዋል፣ የተመረጠው ኢንቨርተር ወሰኑ 800 ነው፣ ይቃጠላል። 24 ካላችሁ 12 በ12 ነው፦ 504፣ ሲሞቅ 450። ሞተሩ ከ50 ወደ 40 ኸርዝ ወርዶ ቀስ ብሎ ይዞራል፣ ባዶውን ሲታይ ደህና ይመስላል፣ እህል ሲገባበት ይተናነቃል። 15 እና 9 አድርጎ ማጣመርም አይሆንም፣ አጭሩ ረድፍ ምንም አይሰጥም። ወይ 30 ወይ 15።

ገንዘብ ያዥ፦ እንግዲያው 15።

ኤሌክትሪክ ክፍል፦ 15 ማለት 8.25 ኪሎዋት፣ ያውም በወረቀት። 7.5ቱን ሞተር አያነሳም። 5.5 ሞተር ይቻላል፣ ግን ቀትር አካባቢ ሰማዩ ጥርት ሲል ብቻ፤ ደመና ሲያልፍ ይቆማል።

የወፍጮ ኮሚቴ፦ የናፍጣውን የሚያህል ካልሆነ አናስገባም። ሰው ተሰልፎ ደመና እስኪያልፍ ሲጠብቅ መሳቂያ መሆን ነው።

የውኃ ኮሚቴ፦ ወፍጮው ይቆየን፣ 15ቱ ለፓምፑ ይሁኑ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ ይሠራል፣ ደመናም አይበግረውም። ለመስኖ ይተርፋል።

ኤሌክትሪክ ክፍል፦ ይሠራል፣ አዎ። በ45 በመቶ ብቃት በሰዓት 9 ሜትር ኩብ ይጎትታል። 30ው ከሦስት ሰዓት ተኩል በፊት ያልቃል፤ ቀኑን ሙሉ ለመስኖ ካስኬዳችሁት 80 ሜትር ኩብ ገደማ ነው። ጉድጓዱ ይህን መልሶ መሙላቱን ማን ለካ? ውኃው ከፓምፑ በታች ከወረደ ፓምፑ በደረቁ ዞሮ ይቃጠላል። የደረቅ መከላከያ ዳሳሽ ዝርዝሩ ውስጥ የለም፣ ይግባ። ፍሰቱም ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ተስቦ፣ በየጊዜው ወለሉ በሜትር እየተለካ ይጻፍ።

ጸሐፊ፦ የሚለካውን ልጅ አሁንም አላገኘሁትም። ሌላ ፈቃደኛ?

ጸሐፊ፦ ሌላ ፈቃደኛ?

ጸሐፊ፦ እሺ። 4ኛ ረቂቅ፦ 15 ፓናል ለፓምፕ፣ ከደረቅ መከላከያ ጋር፤ 6 ፓናልና ባትሪ ለመብራት፣ ለማቀዝቀዣና ለቻርጅ፤ ባለሁለት በር ቤት 5 በ6፣ መሀል፣ ከስብሰባ ክፍል ጋር፤ የዲሲ ማጥፊያ ውጭ ግድግዳ ላይ። ወፍጮ ወደ 2ኛ ምዕራፍ። አንቀጽ 6 ላይ 40 ሜትሩ «እስኪለካ» ተብሎ ይቆያል።

የወፍጮ ኮሚቴ፦ ርዕሱ አሁንም «ወፍጮ፣ ፓምፕ፣ የባትሪ ቤት» ነው የሚለው።

የታች መንደር ተወካይ፦ የስብሰባ ክፍሉ ቁልፍስ?